ስልኩ ሲቈጥር ልባችን ምን ይሠራል?

አዲስ ቅዳም ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ ራሱ እንደሚናገረው ትልቁ ቀኗ ቅዳሜ ነው። በዚያን ቀን የገጠሩ ሰው ጤፉን፥ ድንቹን፥ እንቍላሉንና ከሰሉን ይዞ ይመጣል፤ የከተማውም ሰው ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ይወጣል። እኛም ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንዱ ቅዳሜ ከሸማቾቹ መካከል ነበርን።

ዕድሜያቸው ጠና ካለ አንዲት እናት ዘንድ 12 ኪሎ ድንችና 18 እንቍላል ገዛን። የድንቹ ኪሎ 35 ብር፥ የአንዱ እንቍላል ዋጋ 16 ብር ነበር። እንደ ልማዳችን ስልካችንን ከኪሳችን አውጥተን ቍጥሩን መታን። ስልኩ 924 ብር አለ። እኛም ያለ አንዳች ጥርጥር ብሩን መቍጠር ጀመርን። እናቲቱ ግን ከጎናቸው ከተቀመጡት ሴት ጋር በአገውኛ የያዙትን ጨዋታ አቋርጠው «ልጄ፥ አበዛኸው!» አሉን። «እናቴ፥ ስልኩ እኮ ነው ያለው» ብለን መለስን። እሳቸውም «ዐሥሩ ኪሎ ሦስት መቶ ሃምሳ፥ ሁለቱ ሰባ፤ አራት መቶ ሃያ። እንቍላሉ ዐሥሩ መቶ ስድሳ፥ ስምንቱ መቶ ሃያ ስምንት፤ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት። ሁሉም ሰባት መቶ ስምንት ብር ነው። የሰው ገንዘብ ምን ያደርግልኛል?» አሉ።

ስልኩን መልሰን ብናየው 35 በማለት ፈንታ 53 ብለን ኖሯል። ስልኩ አልተሳሳተም፤ የታዘዘውን በትክክል አባዝቷል። 216 ብር ያዳነልን የእናቲቱ ልብና ሐቀኝነት ነው።

ስሕተት ከማንም ሰው ይደርሳል። ያሳፈረን መሳሳታችን ሳይሆን አለመጠራጠራችን ነው። ዐሥራ ሁለት ጊዜ ሃምሳ ስድስት መቶ መሆኑን የሚያውቅ ሰው፥ ዐሥራ ሁለት ጊዜ ሠላሳ አምስት ከስድስት መቶ ሊያልፍ እንደማይችል ያውቃል። ይህን ለማወቅ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አያስፈልግም፤ አራተኛ ክፍል ይበቃል። እኛ ግን ዲግሪውንም ይዘን አላወቅነውም። «ልብ ካላየ ዐይን አያይም» እንደሚባለው፥ ዐይናችን በስልኩ ላይ የተጻፈውን ሲያነብ ልባችን ተኝቶ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ምክንያት ይኸው ነው። በየቀኑ የምንገለገልባቸው የዘመኑ መሣሪያዎች ድካማችንን ሲያቀሉልን፥ የማሰብ ልማዳችንን አብረው እየወሰዱብን ይሆን?

ከሁሉ አስቀድሞ የሥልጣኔ ጠላቶች አለመሆናችንን አንባቢ እንዲረዳልን እንፈልጋለን። አዲስ መሣሪያ በመጣ ቍጥር «ጥፋት መጣ» ማለት የቈየ ልማድ ነው። የግሪኩ ፈላስፋ አፍላጦን «ፋይድሮስ» በሚባለው መጽሐፉ፥ ጽሕፈትን የፈለሰፈው ቴውት ለግብጹ ንጉሥ ለታሙስ ግኝቱን ባቀረበለት ጊዜ፥ ንጉሡ «ይህ ሰዎችን የሚያስረሳ እንጂ የሚያስታውስ አይደለም» ብሎ እንደ ነቀፈው ይተርካል። የሚያስገርመው ነገር፥ ይህን የጽሕፈት ነቀፋ እስከ ዛሬ ያቈየልን ያው የተነቀፈው ጽሕፈት መሆኑ ነው። በአገራችንም በዐፄ ምኒልክ ዘመን ስልክ ሲገባ የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ያሉ ሰዎች እንደ ነበሩ ይነገራል። እነዚያ ሰዎች ዛሬ ቢነሡ በአዲስ ቅዳም የተቀመጠ አንድ ተማሪ በእጁ በያዛት ትንሽ መሣሪያ የሩቅ አገር መጻሕፍትን ሲያነብ አይተው ይደነቁ ነበር። ይህ ጸጋ እንጂ መቅሠፍት አይደለም።

ነገር ግን ጉልበትን በሚያሳርፍ መሣሪያና ፍርድን በሚተካ መሣሪያ መካከል ልዩነት አለ። የሞተር ወፍጮ እናቶቻችንን ከድንጋይ ወፍጮ አሳርፏቸዋል፤ ክንዳቸው ቢያርፍም ልባቸው አልሰነፈም። ወፍጮው እህሉን ይፈጫል እንጂ ምን ያህል እንደሚፈጭ፥ ለማን እንደሚበቃ፥ ለዘር ምን እንደሚቀመጥ አይወስንም። የዛሬው መሣሪያ ግን ከዚህ አልፎ ሄዷል። ይቈጥርልናል፤ መንገድ ይመራናል፤ ደብዳቤ ይጽፍልናል። ቻትጂፒቲ የሚባለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት አገልግሎት በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከተለቀቀ ወዲህማ፥ ሐሳቡንም ጨርሶ ወደሚያቀርብልን ዘመን ደርሰናል።

የልብ ነገር እንደ ክንድ ነው፤ ካልሠራ ይሰንፋል፤ ከሠራ ይዳብራል። የለንደን ከተማ ታክሲ ነጂዎች ፈቃድ ለማግኘት ወደ 25 ሺሕ የሚደርሱ የከተማይቱን መንገዶች በቃላቸው ማጥናት አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. ኤሊኖር ማግዋየር የተባለች ሊቅ ከባልደረቦቿ ጋር አንጎላቸውን በመሣሪያ ስታጠና፥ ቦታን የሚያስታውሰው የአንጎል ክፍል ጀርባው ከሌላው ሰው ሰፍቶ ተገኘ። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፥ ሰዎች አንድ ነገር በኮምፒውተር ተቀምጦ እንደሚቈያቸው ባመኑ ጊዜ ነገሩን ራሱን እንደሚረሱት አሳየ። በ2025ም ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው የአሜሪካ ተቋም 54 ሰዎች ድርሰት እንዲጽፉ ተደርጎ፥ በመሣሪያው ካስጻፉት ውስጥ ብዙዎቹ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ካቀረቡት ድርሰት አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ በትክክል መጥቀስ አቃታቸው። የተፈተኑት ሰዎች ጥቂት ስለሆኑ ይህን የመጨረሻ ፍርድ ማድረግ አይገባም፤ ዳሩ ግን ብዙዎቻችን በራሳችን ላይ ያየነውን ነገር ይመስላል። ዕውቀቱ በስልኩ ውስጥ አለ፤ በእኛ ውስጥ ግን የለም። «ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ» ማለት ይህ ነው።

ይህን ነገር ለመረዳት ወደ ባሕር ማዶ ብቻ ማየት አያስፈልግም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። የዋሸራና የጎንጅ ስም በሊቃውንቱ ዘንድ የታወቀ ነው። የቅኔ ተማሪ ቍራሽ ለምኖ ከተመለሰ በኋላ ከአንድ ዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል። ወረቀት አይዝም፤ ቃሉን በልቡ ይመርጣል፥ ቤቱን በልቡ ይመታል፥ ሰሙንና ወርቁን በልቡ ያዋሕዳል። ከዚያም በመምህሩ ፊት ቆሞ ያሰማል፤ መምህሩም ያርሙታል። ትላንት የተባለው ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ ለነገ አዲስ መቍጠር አለበት። አንድ ሰው «ይህ ሁሉ ድካም ለሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ነውን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ ግን «አይደለም» ነው። ቅኔው ተነግሮ ያልፋል፤ የሚቀረው ሲቈጥር የኖረው ልብ ነው። የትምህርት ቤትም ምርቱ መልሱ ሳይሆን መላሹ ነው። ይህን ያልተረዳ ተማሪ፥ በመሣሪያ ያሠራውን የቤት ሥራ ይዞ ሲሄድ ገለባውን ተሸክሞ ፍሬውን ጥሎ መሄዱን አያውቅም።

የባሕረ ሐሳብም ትምህርት እንዲሁ ነው። ለምሳሌ የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ መቼ እንደሚውል ስልካችንን ብንጠይቀው በቅጽበት ይነግረናል። አንድ የደብር መሪጌታ ግን እንዲህ ያሰላዋል። በ5500 ላይ 2018 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ሲተዉት ወንበሩ 12 ነው። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 በ30 ሲገደፍ 18 ይቀራል፤ ይህ መጥቅዕ ይባላል። መጥቅዑ ከ14 በላይ ስለሆነ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ይውላል፤ ቀኑም እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 ነውና በ18 ላይ ሲጨመር 25 ይሆናል፤ ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ ማለት ነው። ከዚያ 69 ቀን ሲቈጠር ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። ስልኩና መሪጌታው የሚሰጡት መልስ አንድ ነው። ልዩነቱ ስልኩ አንድ ቀን ቢሳሳት የሚያውቀው መሪጌታው ብቻ መሆኑ ነው። እኛማ በምን እናውቃለን?

እንግዲህ የነገሩ ሥር ይህ ነው፤ ሒሳቡን አንድ ጊዜ እንኳ በራሱ ልብ ያልሠራ ሰው መልሱን ሊጠራጠር አይችልም። መጠራጠር ከዕውቀት የሚወለድ እንጂ በባዶ የሚገኝ አይደለም። የገበያዋ እናት «አበዛኸው» ሊሉን የቻሉት ሒሳቡ በልባቸው ስለ ነበረ ነው።

ከተማሪው ወደ ሹሙ እንለፍ። በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ ጓደኛችን፥ የመሥሪያ ቤቱንም የእሱንም ስም አንጠራም፥ ስለዚህ አካባቢ የተፈጥሮ ሀብት አንድ ዕቅድ እንዲጽፍ ታዘዘ። እሱም መሣሪያውን አዘዘው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያማረ ጽሑፍ ወጣ። እኛም እንድናነብለት ጠይቆን አነበብነው፤ «ድንቅ ነው» አልነው። ጽሑፉ አካባቢው በድርቅና በዛፍ መራቆት የተጎዳ መሆኑን፥ ኮረብቶቹ ባዶ መቅረታቸውን ያትታል። በስብሰባ ላይ በተነበበ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ገበሬ እጃቸውን አውጥተው «ልጆቼ፥ ይህ የተነበበው ስለ እኛ አገር ነው ወይስ ስለ ሌላ?» ሲሉ ጠየቁ። ተሰብሳቢው ሳቀ። ጓደኛችን አንገቱን ደፋ፤ እኛም ብንኖር ኖሮ እንደፋ ነበር።

ሽማግሌው ሊስቁ የተገባቸው ነበሩ። ፋግታ ለኮማ ዝናም የማይነፍገው ደጋ ነው፤ ወረዳውም በዲከረንስ ዛፍ የታወቀ ነው። ዛፉ የአውስትራሊያ ተወላጅ ነው። ገበሬው ግን ከውጭ የመጣውን ዛፍ ተቀብሎ በራሱ ልብ አሰበበት። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ያቆመዋል፤ ቀጥሎ በዛፉ መካከል የበቀለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ዛፉን ቈርጦ ከሰል ያከስላል፤ መሬቱንም መልሶ በጤፍ ይዘራዋል። ከዚህ የተነሣ የወረዳው ኮረብታ ከመራቈት ይልቅ በዛፍ ተሸፈነ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በዛፉ ላይ በሽታ ገብቶ ብዙ ማሳ ጐድቷል፤ ኑሮውን በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ ያቆመው ገበሬም ተጨንቋል። የወረዳው እውነተኛ ጥያቄ ይህ ነበር። ጓደኛችን መስኮቱን ከፍቶ ቢመለከት ያየው ነበር፤ መሣሪያው ግን መስኮት የለውም። ዕቅዱ ሳይታረም ወደ በላይ ቢተላለፍ ኖሮ ለዛፉ በሽታ መፍትሔ ሊውል የሚገባው ገንዘብና ጊዜ በሌለ ድርቅ ላይ ይባክን ነበር።

ይህ በሳቅ አለፈ። በሳቅ የማያልፍም አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የበረራ ቍጥር 302 አውሮፕላናችን፥ በተነሣ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ከቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። በአውሮፕላኑ ውስጥ ከአንድ መለኪያ ወሬ እየተቀበለ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚደፋ የኮምፒውተር ሥርዓት ተተክሎ ነበር። መለኪያው የሐሰት ወሬ ሰጠ፤ ሥርዓቱም አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ምድር ደፋ። አብራሪዎቹ እስከ መጨረሻው አውሮፕላኑን ለማቃናት ታገሉ። ከዚያ ከአራት ወር በላይ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ የዚያው ዓይነት አውሮፕላን በተመሳሳይ ምክንያት ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። ኮምፒውተሩ ክፉ አልነበረም፤ አብራሪዎቹም ሰነፎች አልነበሩም። የተሰጠውን ወሬ «እውነት ይሆን?» ብሎ መጠየቅ የማይችል ነገር፥ ያለ ሁለተኛ ምስክር እንዲፈርድ ሥልጣን ተሰጥቶት ነበር። ይህን ሥልጣን የሰጡት ሠሪዎቹ ናቸው። እኛም በየጠረጴዛችን ላይ፥ መጠኑ ቢያንስም፥ ይህንኑ ሥልጣን በየቀኑ እንሰጣለን።

የተማሪዎቻችንም ነገር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ መገናኛ ተበትኖ በመገኘቱ ፈተናው ተሰርዞ ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል ተማሪዎቹ በየዩኒቨርሲቲው ገብተው እንዲፈተኑ በተደረገ ጊዜ፥ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በተከታዩ ዓመት 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ሆነ። ይህን ሁሉ በስልክ ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ነው። የመምህርና የመጽሐፍ እጥረት፥ ጦርነትና ስደት ያደረሱትን ጉዳት ማንም አይክደውም። ሆኖም መልስ ከውጭ ይመጣል ብሎ የለመደ ልብ፥ ስልኩን በር ላይ ጥሎ ብቻውን ከጥያቄው ጋር ሲፋጠጥ ምን እንደሚሆን እነዚህ ቍጥሮች በከፊል ይናገራሉ።

በክልላችንም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ እያንዳንዳችን ሳናስበው ተፈትነናል። ብዙ ሥራ ቆመ፤ ችግሩም ቀላል አልነበረም፤ እንዲደገምም የሚመኝ የለም። ነገር ግን በዚያ ወራት በልባችን ያለውና በስልካችን ያለው ተለየ። ለአንድ መልስ በየደቂቃው ስልክ መነካካት የለመድን ሰዎች፥ አቧራ የጠጡ መጻሕፍቶቻችንን አራግፈን ማንበብ ጀመርን። አንዳንዶቻችንም ለስንት ዓመት ተማርን ያልነውን ስንፈልገው አጣነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? መሣሪያውን ወርውሮ ወደ ድሮ መመለስ አይቻልም፤ የሚገባም አይደለም። የሚያስፈልገው ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው። ልብ ይቅደም፤ መሣሪያው ይከተል።

ተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ ቍጥሩን ከመምታታችሁ በፊት መልሱ በግምት ስንት ሊሆን እንደሚችል በልባችሁ በሉ። ግምታችሁና ስልኩ ቢራራቁ አንዳችሁ ተሳስታችኋል፤ ማንኛችሁ እንደ ሆነ መርምሩ። ድርሰት ስትታዘዙ የመጀመሪያውን ገጽ፥ ቢያስቀይምም ቢጣመምም፥ በእጃችሁ ጻፉ። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ቢተቸው እንደ መምህር ያገለግላችኋል፤ ከዚያ በፊት ቢጽፍላችሁ ግን ምርኩዝ ሆኖ ደኅናውን እግራችሁን ያሽመደምደዋል።

ወጣት ሹማምንትም እንደ እኛ ይህን እናስታውስ። ፊርማ ማለት «አስቤበታለሁ፤ እጠየቅበታለሁ» ማለት ነው። መሣሪያ አይፈርምም፤ ስለዚህም አይጠየቅም። በእኛ ፊርማ በሚወጣ አንድ ገጽ ወረቀት የአንድ ገበሬ ማዳበሪያ ሊዘገይ፥ የአንዲት መበለት መሬት ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ባለ ጉዳዩ መጥቶ «ለምን እንዲህ ተወሰነ?» ቢለን፥ ወረቀቱን ሳናይ በቃላችን ልናስረዳው ካልቻልን ያን ወረቀት ልንፈርምበት አይገባንም ነበር። የመምህራንና የአለቆችም ድርሻ አለ። መምህር መልሱን ብቻ ሳይሆን መንገዱን ይጠይቅ፤ አለቃም የጽሑፉን ማማር አይቶ ከማመስገን በፊት ጸሐፊውን «ቦታውን ሄደህ አይተኸዋል?» ይበለው።

ከዚያ ወዲህ በሌላ ቅዳሜ ወደ ገበያው ተመልሰን ነበር። እናቲቱ በቦታቸው ተቀምጠዋል። 7 ኪሎ ድንች በ35 ብር መዘኑልን። ስልካችን በኪሳችን ነበረ። ሰባት ጊዜ ሠላሳ ሁለት መቶ ዐሥር፥ ሰባት ጊዜ አምስት ሠላሳ አምስት፤ ጥቂት ከተንገታገትን በኋላ «ሁለት መቶ አርባ አምስት» አልን። እሳቸውም ፈገግ ብለው «እንዲህ ነው እንጂ፥ ልጄ» አሉን።